ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ ዶንግል

ነገሩ ከ2014 እ.ኤ.አ. በፊት ነው፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ ገና ማሻሻያ ይደርሰው ነበር። ቤታችን ያለው ኢንተርኔት አንድ ዶንግል (ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ኢንተርኔት የሚሰጥ ትንሽ መሣሪያ) ብቻ ነው፤ እሱም የሚሰካው እኔ ዴስክቶፕ ላይ ነው፣ ዊንዶውስ 7። እህቴ ደግሞ ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የተገዛ ኤክስፒ አላት። የመመረቂያ ጽሑፏን እየሠራች ስለነበር ማታ ማታ “አልጨረስክም?” እያለች በሩ ላይ ትቆማለች። አንጀቴን በላችው። የእኔን ኢንተርኔት እንድትጋራ ሁለቱን ኮምፒውተሮች በገመድ ላገናኝ ተነሳሁ።

ገመዱን ስሰካ ኔትወርክ ካርዱ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት አልበራችም። እኔ መብራቷን ሳላይ ሴቲንግ ስነካካ አመሸሁ። እሷ ካልበራች ሶፍትዌር መነካካት ከንቱ ልፋት ነው። በማግስቱ የገመዱን ሁለት ጫፎች ጎን ለጎን ይዤ በሞባይል መብራት አየኋቸው። የሽቦዎቹ ቀለም አሰላለፍ አንድ ዓይነት ነው። ይሄ ኮምፒውተርን ከስዊች (ብዙ ኮምፒውተሮችን ከሚያገናኝ ሳጥን) ጋር የሚያገናኝ ገመድ ነው። ሁለት አሮጌ ካርዶች በቀጥታ ሲገናኙ ግን አንዱ የሚልክበት ሽቦ ሌላው በሚቀበልበት በኩል መግባት አለበት። ስለዚህ ክሮስኦቨር ያስፈልጋል፤ አንዱ ጫፉ ላይ ብርቱካናማዎቹና አረንጓዴዎቹ ቦታ የተቀያየሩበት። አዳዲስ ካርዶች ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ፣ የእኛዎቹ ግን አይችሉም።

ክሮስኦቨሩን ስሰካ መብራቷ በራች። ኢንተርኔት ግን የለም። የእህቴ ኮምፒውተር ላይ፣ ድሮ ኤክስፒን ከኤክስፒ ሳገናኝ የለመድኩትን የኔትወርክ አድራሻ 192.168.0.2 በእጄ ሞልቼ ነበር። ዊንዶውስ 7 ደግሞ ኢንተርኔት ሲያጋራ ለራሱ የሚይዘው 192.168.137.1 ነው። ሰፈራቸው ተለያይቶ እንዴት ይገናኙ? የጻፍኩትን አጥፍቼ አድራሻውን ራሱ እንዲያገኝ አደረግኩት። ወዲያው በ192.168.137 የሚጀምር ያዘ።

ከእሷ ኮምፒውተር 8.8.8.8ን (ኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል ሰርቨር) ፒንግ ሳደርግ፣ ማለትም “አለህ?” ብዬ ስጠይቅ፣ መልስ መጣ! የድረ ገጽ ስም ስጽፍ ግን ዝም። ይሄኔ ልቤ ረጋ፤ መንገዱ ክፍት ነው፣ የጎደለው ስሙን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ብቻ ነው። ገብቼ ሳይ የድሮው መሥሪያ ቤት የዲኤንኤስ ቁጥር እንደተሞላ ቀርቷል። አድራሻው አውቶማቲክ ሲሆን ዲኤንኤሱም አብሮ የሚለወጥ ይመስለኝ ነበር። ለየብቻ ናቸው። ዲኤንኤሱንም አውቶማቲክ አደረግኩት፤ ስሞቹም ሠሩ።

ኢሜይሏ ግን አሁንም የሰርተፊኬት ስህተት እያለ አልከፈት አለ። ሰርተፊኬት የድረ ገጹ መታወቂያ ነው፤ የሚሠራበት ቀን ስላለው የኮምፒውተሩ ቀን ከተሳሳተ አይቀበለውም። ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ፤ ጃንዋሪ 1፣ 2002 ይላል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ሞታለች። ቀየርኳት፣ ቀኑን አስተካከልኩ፣ ተከፈተ።

ለሁለት ሲካፈል ፍጥነቱ ይወርዳል። ትልቅ ፋይል የማወርደው እሷ ከተኛች በኋላ ነበር።