ዜድ የአሜሪካኖች ብቻ አይደለም

ኦርጋናይዝን በዜድ የጻፈ ሁሉ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ጻፈ ማለት አይደለም። ሪፖርት የሚያርሙ አለቆችም ሆኑ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዩ አማካሪዎች ግን ብዙ ጊዜ ዜዱን ሰርዘው ኤስ የሚያስገቡት እንዲህ ስለሚመስላቸው ነው። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የሚያስቀድመው ዜድን ነው። አይዝ የሚለው የቃሉ ቅጥያ የግሪክኛ ነው፤ ግሪኮች የሚጽፉት በዜታ፣ ማለትም በራሳቸው ዜድ ነው፤ ኤሱ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ዛሬ ብሪታንያ ውስጥ በብዛት የሚታየው ኤስ ቢሆንም ዜዱም ትክክል ነው።

የዓለም ሥራ ድርጅትን የእንግሊዝኛ ስም ልብ ብላችሁ እዩት፦ ሌበር እንደ ብሪታንያ ከነዩው፣ ኦርጋናይዜሽን በዜድ። የተባበሩት መንግሥታት የአጻጻፍ ደንብ ይኸው ነው። አዲስ አበባ ላለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሰነድ የምታዘጋጁ ከሆነ ሴንተር በአርና ኢ፣ ፕሮግራም በሁለት ኤምና በኢ ይጨርሳሉ፤ ኦርጋናይዝ በዜድ ይጻፋል።

ሰው የሚሳሳተው ደንቡን ሁሉም ቃል ላይ ሲጭነው ነው። አድቨርታይዝ፣ ሰርፕራይዝ፣ ኤክሰርሳይዝ፣ ኮምፕሮማይዝና ሱፐርቫይዝ አሜሪካም ውስጥ በኤስ ናቸው፤ መጨረሻቸው የግሪኩ ቅጥያ ሳይሆን የራሱ የቃሉ ግንድ ነው። ካፕሳይዝ ደግሞ ለንደንም ውስጥ በዜድ ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው አናላይዝ ነው። አሜሪካኖች በዜድ ይጽፉታል፤ ኦክስፎርድ ግን ለዜድ ያን ያህል እየተሟገተ እዚህ ላይ በኤስ ይጽፋል። ቃሉ ቅጥያ የለውም፤ የመጣው ሉሲስ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፣ እሱም በሲግማ፣ ማለትም በግሪኮቹ ኤስ ነው። ፓራላይዝም እንደዚሁ። ጆሮ እዚህ አይረዳም፤ በኤስ ተጻፈ በዜድ ድምፁ ያው ዘ ነው።

ማይክሮሶፍት ወርድን በብሪታንያ እንግሊዝኛ ብታደርጉትም ሁለቱንም ስለሚቀበል አንዱ ገጽ በኤስ ሌላው በዜድ ቢሆን ቀይ መስመር አያሰምርም። ስለዚህ በመፈለጊያው እንደ ኦርጋናይዜሽን ባሉ ቃላት ውስጥ ያሉትን አይ፣ ኤስ፣ ኤ፣ ቲ የሚሉትን አራት ፊደላት አስገቡና ያገኘውን ተመልከቱ፤ ቀጥሎ ኤሱን በዜድ ቀይራችሁ ድገሙት። ወደ ዜድ ስትለውጡ ኢምፕሮቫይዜሽን ባለበት ይቆይ፤ እሱ ሁልጊዜ በኤስ ነው። ግሱን ደግሞ አንድ በአንድ እንጂ ሁሉን ተካ በሚለው አትንኩት፤ ፕሮሚስንም ራይዝንም አበላሽቶ ያስረክባችኋል።

የተቋምና የቦታ ስም አይታረምም። የዓለም ጤና ድርጅት በኤስ በተጻፈ ሰነድ ውስጥም ዜዱን ይዞ ይቀጥላል፤ የአሜሪካው ፐርል ሃርበር ብሪታንያ ውስጥም ዩ አይጨመርበትም። አውስትራሊያኖች ሌበርን በዩ ይጽፋሉ፤ ፓርቲያቸው ግን እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ስሙን ያለ ዩ ነው የሚጽፈው።