ና እና ነይ

ነሐሴ ነው። ጅማ ላይ ከሰኞ ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። አዌቱ ደፍርሶ ድልድዩ ሥር ይጮኻል፤ መብራቱም ሲሄድ ሲመጣ ነው የሚውለው። ሁለት ዓመት የጎተትኩትን ልብ ወለድ ዛሬስ ልገላገለው ብዬ ተቀምጫለሁ።

የ15 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። አዲስ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ የሚያስጠጋት ታጣለች፤ ለሦስት በሚቀመጡበት ዴስክ ጫፍ ላይ በግማሽ ጎኗ ተንጠልጥላ ትማራለች። ስም እንኳ አላወጣሁላትም። ሦስቴ ቀያይሬ ተውኩት፤ አሁን «ልጅቷ» ናት። 10ኛው ምዕራፍ ላይ ክፍሉ በሙሉ ይቅርታ ጠይቋት፣ አቅፏት ያለቅሳል። ትናንት ማታ ጮክ ብዬ ሳነበው አፈርኩ። የትኛው 9ኛ ክፍል ነው እንዲህ ሲያለቅስ የታየው?

ነገሩ ወዲህ ነው። ልጅቷን ራሴን አስመስዬ ጽፌያታለሁ። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ዴስክ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አላውቅም፤ ቦታዬ መሀል ነበር።

9ኛ ክፍል ሳለን አንዲት ልጅ ከአጋሮ ተዛውራ መጣች። በመጣች በሁለተኛው ቀን ወደ እኔ ዞራ እኔን ሴቷን «እስክሪብቶ አለህ?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በኦሮምኛ «አቲ» ማለት አንተም አንቺም ነው፤ ለወንዱም ለሴቷም አንድ ነው፤ እሷ በዚያ አስባ ነው በአማርኛ የተናገረችው። ከተማሪው ግማሹ ቤቱ ኦሮምኛ የሚያወራ ስለነበር ይህ ያልገባው ሰው አልነበረም። ሲስቁ ግን አብረው ሳቁ። አብዝቼ የሳቅኩት እኔ ነኝ። «አለህ» የሚለውን ስም ያወጣሁላትም እኔው ነኝ፤ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ተጠራች።

እናቴ የሊሙ ልጅ ናት። «ና ብላ» እያለች ነው ያሳደገችኝ።

ጓደኞቼ ፊት እንደዚያ ስትጠራኝ «እያቆላመጠችኝ ነው» እል ነበር። አማርኛ ሴት ልጅን በወንድ አንቀጽ ማቆላመጥ ማወቁ በጀኝ፤ ስንት ጊዜ እንዳተረፈኝ! የወላጅ ስብሰባ ሲመጣ ግን ይኼ አያዛልቅም። የጥሪውን ወረቀት አጣጥፌ ጓዳ ካለው የጀንፈል ቡና ጆንያ ሥር ወሸቅኩት፤ ለክፍል ኃላፊያችን «እናቴን አሟታል» አልኩ። እሷ ያን ቀን ጀንፈሏን ግቢ አስጥታ፣ ዶሮ እያባረረች ነበር የዋለችው። በደህና ሰው ላይ በሽታ ጠራሁ።

በዚያው ዓመት ጅሬን ወጣን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ከመሀል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳገቱ ግን ያስለከልካል። አስጎብኚው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ስለገዙት ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋር ሲያወራ ቆየና «አምስቱን የጊቤ መንግሥታት ማን ይቆጥርልኛል?» አለ። ሁሉም ጭጭ። ያቺ የአጋሮ ልጅ ብቻ ጣቷን እያጠፈች «ሊሙ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ» አለች፤ ቀጥላም «እኔ የጎማ ነኝ»።

«ጎበዝ! የሊሙ ሰውስ የለም?»

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ቡና በተፈላ ቁጥር የሊሙን ታሪክ ስሰማ ነው ያደግኩት። የሰገነቱን የእንጨት ቅርጽ ቀና ብዬ ማየት ጀመርኩ። አበባ አበባ ይመስል ነበር ወይስ ቅጠል? እንደዚያ አፍጥጬ አይቼው ዛሬ አላስታውሰውም። ልጅቷ ግን ዞር ብላ አየችኝ። ምን እንደምታውቅ አላውቅም፤ ቤታችን በር ላይ እናቴ ስትጠራኝ አንድ ቀን ሰምታ ይሆናል። ለማንም አልተናገረችም። በዓመቱ ተመልሳ ሄደች።

ዛሬ ከሰዓት 10ኛውን ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ ሰረዝኩት። አሁን የምትተርከው መሀል ላይ የተቀመጠችው ሆናለች፤ ሦስት ገጽ ሄጃለሁ፤ ክፉ ገጾች ናቸው፤ ከበፊቱ ግን ይሻላሉ።

እናቴ ረከቦቱን አቀራርባ ከበስተጀርባዬ ቆመች።

«ምን ትጽፋለህ?»

«የትምህርት ቤት ታሪክ ነው፣ እማዬ።»

«እኔ አለሁበት?»

«እስካሁን የለሽበትም።»

«እሺ» አለችና ጀበናውን አነሳች። «ና፣ አቦሉ ሳይቀዘቅዝ።»