እህል በአፏ አልዞረም

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ማደንዘዣ ሰጪ ነኝ። ከሕመምተኛው ይልቅ መጀመሪያ የሚያሳስበኝ ጨጓራው ነው።

ባለፈው ክረምት ከደብረ ኤልያስ በኩል ምጥ የጠናባት ልጅ በአምቡላንስ መጣች። በቀዶ ሕክምና መውለድ ነበረባት። ደም በኃይል ስለሚፈሳት በወገቧ ወግቶ ከወገብ በታች ብቻ ማደንዘዙ አልሆነም፤ የሚያስተኛ ሙሉ ማደንዘዣ ግድ ሆነ። እናቷን ጠየቅኋቸው።

«ምን ቀምሳለች እናቴ?»

«ኧረ ምን ቀምሳ! ከትናንት ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም።»

«ተልባስ?»

«እሱንማ ጠጥታለች። አጥሚትም ትንሽ። ታዲያ በምን አቅሟ ታምጥ?»

አልፈረድኩባቸውም። ግን ምጥ ሲጠና ጨጓራ ሥራውን ያዘገያል፤ ጠዋት የገባው አጥሚት ማታም እዚያው ሊገኝ ይችላል። እርግዝናው ራሱ የጨጓራን አፍ ያላላል። የነቃ ሰው ትን ቢለው ይስላል፤ የተኛ አይስልም። ወደ ሳንባ የወረደ አሲድ ደግሞ እንደ ፈላ ውሃ ይልጣል። ሜንደልሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ይህን በወላዶች ላይ አይቶ በ1946 እ.ኤ.አ. ጽፎታል።

ሲሜቲዲንም ሆነ ኦሜፕራዞል አዲስ አሲድ እንዳይመነጭ ነው የሚከለክሉት፤ ያለውን አይነኩም። በደም ሥር ቢሰጡም ቀደም ማለት አለባቸው። ፕላሲል ጨጓራው ቶሎ ወደ ታች እንዲገፋ ያግዛል። ለእሷ ጊዜ አልነበረንም። 30 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ሳይትሬት አጠጣናት፤ ያለውን አሲድ ወዲያው ያበርደዋል። (ነጩን የጨጓራ ሽሮፕ ጠጥቶ የሚመጣ አለ። እባካችሁ ተዉ፤ ወደ ሳንባ ከወረደ በውስጡ ያለው ዱቄት ራሱ ይጎዳል።) አጥሚቱን ግን የሚያወጣ መድኃኒት የለም። የጨጓራዋ ነገር ወደ ላይ እንዳይመለስ ረዳቴ ከማንቁርቷ ዝቅ ብሎ ጫን አድርጎ ያዘ፤ እኔ የመተንፈሻ ቱቦውን ቶሎ አስገባሁ። ወንድ ልጅ፣ ጯሂ።

የቀጠሮ ሕመምተኞች ደግሞ ግልባጭ ናቸው፤ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ከማደንዘዣ በፊት ለእንጀራ 6 ሰዓት፣ ቅባት ለበዛበት 8፣ ለጡት ወተት 4 ሰዓት እንጠብቃለን። ለውሃና ወተት ለሌለው ሻይ ግን 2 ሰዓት ይበቃል። ጠላ እዚህ ውስጥ አይገባም፣ ቢጠልልም። ይህን ለአንድ የሞጣ ቄስ አስረዳሁ። ከንፈራቸው ደርቋል።

«ውሃ ይጠጡ አባ፤ ገና ጊዜ አለዎት።»

«ዓርብ እኮ ነው ልጄ። ያንተን ሕግ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንነጋገርበታለን።»

ጉሉኮስ ሰቀልኩላቸው። በአፍ ስለማይገባ ተስማሙ።