የመሪ ኩፊያ በቤቴ ደጃፍ

የግራውን የፊት ጎማ ያወለቅኩት የፍሬን ሸራው ምን ያህል እንደሳሳ ለማየት ነበር። የእጅ ባትሪዬን ወደ ውስጥ ሳበራ ግን ዓይኔ ያረፈው ከፍሬኑ ጀርባ ባለው፣ እንደ አኮርዲዮን በተጣጠፈው ጥቁር ላስቲክ ላይ ነበር። ከእጥፋቶቹ በአንደኛው ሥር የዙሪያውን እኩሌታ የሚያህል ስንጥቅ አየሁ፤ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ጎን ሳዞረው ላስቲኩ ተለጠጠ፣ ስንጥቁም ተከፍቶ በውስጡ ያለውን ብረትና አቧራ የጠጣውን ግሪስ አሳየኝ። መካኒኮች የመሪ ኩፊያ የሚሉት ይህንን ላስቲክ ነው።

የምኖረው ከዘመድ ርቄ ነው። የምሠራው ደግሞ በሌሊት ፈረቃ፣ አረጋውያንን በሚንከባከብ ተቋም ውስጥ ስለሆነ ከቤት የምወጣውም ሆነ የምመለሰው የሕዝብ ማመላለሻ በማይገኝበት ሰዓት ነው። መኪናዬ ከቆመች ሥራዬ ይቆማል፤ ሥራዬ ከቆመ ጉዳቱ በየወሩ የእኔን እጅ ለሚጠብቁት ሁሉ ይተርፋል። ጋራዥ ስደውል የመጀመሪያው ክፍት ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ መሆኑን ነገሩኝ፤ የእጅ ዋጋውም ከላስቲኩ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነበር። በስደት የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ዕቃው ቀላል ሆኖ ውድ የሚሆነው የሰው ጉልበት ነው።

ሦስት ሳምንት መታገሥ ይቻል አልነበረም ወይ የሚለኝ ይኖራል። መኪናዋ እንደ ወትሮዋ ትሄዳለች፤ መሪው አልከበደም፣ ድምፅም አላወጣም። ነገር ግን የዚህ ላስቲክ ጉዳት ድምፅ ማሰማት የሚጀምረው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። መሪውን ስናዞር አንዲት ትንሽ ጥርሳም ጊር ረጅም ጥርሳም ዘንግን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ታንሸራትታለች፤ ዘንጉ በሁለቱም ጫፎቹ በኳስ መጋጠሚያ ታይሮድ ከሚባል ቀጭን ብረት ጋር ይያያዛል፣ ታይሮዱም ጎማውን ይገፋል ወይም ይስባል። በብዙ ትናንሽ መኪኖች ዘንጉ በየአቅጣጫው 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሁለቱ ወገን ያሉት ኩፊያዎች መሪው በዞረ ቁጥር አንዱ ሲጨማደድ ሌላው እየተለጠጠ፣ ዘንጉንና የውስጠኛውን የኳስ መጋጠሚያ ከውኃና ከአሸዋ ይጠብቃሉ። ኩፊያው ሲቀደድ መጀመሪያ ግሪሱ ይታጠባል፣ ቀጥሎ መጋጠሚያውን አሸዋ ይፍቀዋል፤ መሪው በዘይት ግፊት የሚታገዝ ከሆነ ደግሞ በተወለወለው ዘንግ ላይ የወጣው ዝገት እንደ ሞረድ ሆኖ የዘይት ማገጃውን ላስቲክ ይበላዋል። ያን ጊዜ የሚለወጠው ኩፊያው ሳይሆን ጊሩና ዘንጉ ያሉበት ሙሉው የመሪ ሳጥን ነው። ለበረዶ ተብሎ መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት አገር ዝገቱ ይበልጥ ይፈጥናል።

እኔ መኪና መሥራት የተማርኩት ከስደት በኋላ ነው፤ ያስተማሩኝም ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድመው የተሰደዱ፣ ዕድሜያቸውን በጋራዥ የጨረሱ አንድ የአገሬ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው መሬት ላይ መንበርከክ ስለማይችል ዛሬ በስልክ ብቻ ያግዙኛል። የስንጥቁን ፎቶ ልኬላቸው ስደውል ከሰላምታ በኋላ ያቀረቡልኝ ጥያቄ፦ «ልጄ፣ የጎማውን ነው ወይስ የመሪውን? እርግጠኛ ሆነሻል?» የሚል ነበር። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ ከሞተሩ ኃይል ተቀብሎ ጎማውን የሚያሽከረክረው አክስልም ተመሳሳይ ላስቲክ አለውና ብዙ ሰው ሁለቱን ያደናግራቸዋል። የአክስሉ ላስቲክ ወፈር ያለ ነው፤ ከጎማው ጋር አብሮ ስለሚሽከረከር ሲቀደድ ግሪሱን በቸርኬው ውስጥና በዙሪያው ይረጨዋል። የመሪው ኩፊያ ግን ቀጭን ነው፣ አይሽከረከርም፤ ሲቀደድም ዙሪያውን የሚያቆሽሽ ነገር ስለሌለው ካላዩት አይታወቅም።

ቀጥለው ያዘዙኝ ክፍተት መኖሩን እንድመረምር ነበር። ጎማውን መልሼ ገጠምኩና አየር ላይ እንዳለ ግራና ቀኙን ይዤ ወዘወዝኩት፤ ቀጥሎም በአንድ እጄ እየወዘወዝኩ በሌላው ኩፊያውን ጨምቄ ውስጥ ያለው መጋጠሚያ ቋ የሚል መሆኑን ዳሰስኩ። ቢንቋቋ ኖሮ ታይሮዱንም መለወጥ ግድ ይሆን ነበር፤ የላላ መጋጠሚያን በአዲስ ላስቲክ መሸፈን ችግሩን መደበቅ ነውና። ምንም እንቅስቃሴ አልነበረውም።

ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ገብቼ አልተኛሁም ብል እዋሻለሁ፤ አራት ሰዓት ያህል ተኝቼ ነው የጀመርኩት። ይህን የምጽፈው ለጌጥ አይደለም። ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ መኪና ሥር መግባት አደገኛ ነው፤ ድካም እጅን ብቻ ሳይሆን ፍርድንም ያሰንፋል። መኪናዋን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁሜ የእጅ ፍሬን ያዝኩ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊትና ኋላ ሽብልቅ አደረግኩ፣ የጎማውን ዳዶዎች መሬት ላይ እንዳለች አላልቼ በክሪክ አነሣሁና ጠንካራ የብረት መደገፊያ አምራቹ በመደበው ቦታ ሥር አስገብቼ አሳረፍኳት። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ክንድ እንኳ ማስገባት አይገባም። የወለቀውን ጎማ ደግሞ ለተጨማሪ ጥንቃቄ ከሻሲው ሥር አስተኛሁት። መሪውን ቀጥ አድርጌ ቆለፍኩት፤ ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይነካው ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

አዲሱን ኩፊያ ለማስገባት የታይሮዱ የውጭ ጫፍ መውለቅ አለበት። ተሰንጥቀው የሚመጡና በማጣበቂያ የሚዘጉ ኩፊያዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ምንም ሳይፈታ ስለሚገጠሙ ያጓጓሉ፣ ግን በቀን መቶ ጊዜ በሚለጠጥና በሚጨማደድ ቦታ ላይ የተጣበቀ ስፌት ያዛልቃል ብዬ አላምንም። ሙሉውን መረጥኩ።

ከሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ነው ጊዜ የወሰድኩት፤ ምክንያቱም የታይሮዱ ጫፍ እንደ ብሎን በሚዞርበት ጥርስ ላይ የቆመበት ቦታ የጎማውን አቅጣጫ የሚወስነው ነው። የብዙ መኪኖች የታይሮድ ጥርስ ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ እንዲህ ባለው ላይ አንድ ዙር ብቻ ብንሳሳት የታይሮዱ ርዝመት በዚያው 1.5 ሚሊ ሜትር ይለወጣል፣ ጎማው ጠርዝ ላይ ሲደርስም ስሕተቱ በርካታ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጎማ ያለ ጊዜው የሚበላው እንዲህ ባለ ስሕተት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጥርሱን በብረት ብሩሽ አጽድቼ ጫፉ እንዳይዞር በሚይዘው መቆለፊያ ዳዶ፣ በጫፉና በታይሮዱ ላይ የሚያልፍ አንድ ቀጭን የነጭ ቀለም መስመር አሰመርኩ፤ ከዳዶው ኋላ የሚታየውን ጥርስ ርዝመትም ለክቼ ጻፍኩ።

መቆለፊያ ዳዶው ግን እንቢ አለ። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ቀብቼ ሩብ ሰዓት ጠበቅኩ፣ ሞከርኩ፣ ደገምኩ፤ ቁልፉ ሊንሸራተትና የዳዶውን ማዕዘን ሊያከብ ሲቃረብ ተውኩት። ጋሼ ስደውልላቸው ድምፄ ውስጥ ያለውን ችኮላ ሰምተው መሰለኝ፣ «ዳዶው አልጠነከረብሽም፤ ጉልበትሽ ነው የሚባክነው። ታይሮዱን በሌላ ቁልፍ ያዢው፣ ሁለቱን ቁልፎች እንደ መቀስ አቀራርበሽ በመዳፍሽ ጨምቂያቸው» አሉኝ። ሁለቱን ቁልፎች ጠባብ ማዕዘን እንዲሠሩ አድርጌ ወደ አንድነት ስጨምቃቸው ዳዶው ሲጢጥ ብሎ ለቀቀ፤ ከጥርሱ ሥርም ቡናማ ዱቄት የሚመስል ዝገት ረገፈ። ጫፉ ከጎማው ክንድ ሳይላቀቅ በፊት ዳዶውን ማላላት የሚገባውም ለዚህ ነው፤ አንዴ ከተላቀቀ ሁሉም ነገር አብሮ ይሽከረከራል።

ከዚያ ኮፒሊያ የሚባለውን ባለ ሁለት እግር መቆለፊያ ሽቦ አወጣሁ፣ ጫፉን ከጎማው ክንድ ጋር የሚያስረውን የኳሱን ዳዶ እስከ መጨረሻው ሳልፈታ ጥቂት ጥርስ ይዞ እንዲቀር አደረግኩ፣ ከዚያም ሾጣጣው ብሎን የገባበትን የክንዱን ጎን በመዶሻ መታሁት። የሚመታው ብሎኑ አይደለም፤ ብሎኑን የሚመታ ሰው ጥርሱን ያበላሻል። እንደ ሹካ የተሰነጠቀውን ማላቀቂያ ብረትም አልተጠቀምኩም፤ የምፈታው የታይሮድ ጫፍ ደህና በመሆኑ የራሱን ትንሽ ላስቲክ እንዲቀድብኝ አልፈለግኩም። በሦስተኛው ምት ተላቀቀ። ጫፉን ስፈታ ዙሩን ጮክ ብዬ ቆጠርኩ፤ 18 ዙር ተኩል ሆነ፣ ወዲያውም ወረቀት ላይ አሰፈርኩት።

ኩፊያው በሁለት ማሰሪያ ነው የሚያዘው። የውጪው ጠባብ አፍ ላይ ያለችው ትንሽ ስፕሪንግ ማሰሪያ በፒንሳ ስትጨመቅ ትለቃለች፤ ከመሪ ሳጥኑ ጋር የሚያያይዘው ትልቁ የብረት ማሰሪያ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል በመሆኑ ተቆርጦ ወጣ። አሮጌው ላስቲክ ሲወጣ በእጄ ላይ ዘረጋሁት፤ እጥፋቶቹ እንደ ክብ ቀለበት መደርደር ሲገባቸው እንደ ገመድ ተጠማዝዘው ነበር። ስንጥቁ የጀመረው ጠመዝማዛው በጠበቀበት ቦታ ላይ ነው። የዚህን ምክንያት ሳስብ የቀድሞው አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ የማስተካከሉ ሥራ፣ ትዝ አለኝ። አላይመንት ሲሠራ ታይሮዱ ይዞራል፤ ትንሿ ማሰሪያ አስቀድማ ካልላላች ኩፊያው አብሮ ይዞርና በዚያው ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ መሪው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጠማማው ላስቲክ ላይ ድካም ይከማቻል። ኩፊያውን የገደለው እርጅና ብቻ አልነበረም። የሠራው ሰው ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ጥንቃቄ ቢያደርግ ኖሮ ያ ላስቲክ ዛሬም ያገለግል እንደነበረ አምናለሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል።

በውስጡ የፈራሁትን አላገኘሁም። የመሪ ዘይት ኩፊያው ውስጥ ተጠራቅሞ ቢገኝ የሳጥኑ ማገጃ መፍሰሱን ያመለክት ነበር፣ ላስቲክ መለወጡም አይጠቅምም ነበር። ደረቅ ነው። ዘንጉ ይብለጨለጫል፤ ከመጋጠሚያው አጠገብ ብቻ ጥፍር የማታህል ቡናማ ነጠብጣብ ነበረች፣ እሷም በጨርቅ ስትታሽ ለቀቀች። አሮጌውን ግሪስ አሸዋው በጣቶቼ መካከል እስከማይሰማኝ ድረስ ጠርጌ አወጣሁና መጋጠሚያውን በአዲስ ግሪስ ሸፈንኩት።

አዲሱን ኩፊያ ስገጥም ሁለት ነገር ተጠነቀቅኩ። የመጀመሪያው፣ በእኔ መኪና ሁለቱን ኩፊያዎች የምታገናኝ ቀጭን የአየር ቱቦ አለች፤ አንዱ ሲጨማደድ አየሩ በእሷ በኩል ወደ ሌላው ይሄዳል። ቱቦዋ ከኩፊያው ቀዳዳ ጋር ካልተገጠመች ላስቲኩ ይነፋል ወይም ይሰረጉዳል። ሁለተኛው፣ ጠባቡ አፍ በታይሮዱ ላይ በተቦረቦረለት ቦይ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ በዚያ ቦይ ላይ ስስ የሲሊኮን ግሪስ ቀባሁ፣ ታይሮዱ ወደፊት ሲዞር ላስቲኩን ይዞት እንዳይዞር። ማሰሪያዎቹን ያጠበቅኩት መሪው ቀጥ ብሎ፣ እጥፋቶቹም እኩል ተዘርግተው ሳለ ነው።

መቆለፊያ ዳዶውን መልሼ፣ ጫፉን 18 ዙር ተኩል አስገባሁ፤ የቀለሙ መስመር ገጠመ፣ ልኬቱም ያው ነበር። የኳሱን ዳዶ በመለኪያ ቁልፍ የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ባዘዘው መጠን አጠበቅኩ። የኮፒሊያው ቀዳዳ ከዳዶው ክፍተት ጋር አልገጠመም፤ እንዲህ ሲሆን ዳዶውን ወደ ኋላ ማላላት ክልክል ነው፣ ትንሽ ጨምሮ በማጥበቅ ነው የሚገጠመው። ኮፒሊያው አዲስ ነው፤ አሮጌውን አቅንቶ መመለስ ልማድ የሆነበት ሰው አለ፣ እኔ ግን ሕይወት የተንጠለጠለበትን ነገር በደከመ ሽቦ አላስርም። ጎማውን ገጥሜ መኪናዋን ካወረድኩ በኋላ የጎማውን ዳዶዎች ፊት ለፊት የሚተያዩትን እያፈራረቅኩ አጠበቅኩና መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያዞርኩ ኩፊያውን አየሁት። አንዱ እጥፋት ሌላው ላይ አልወጣም፣ አልተጠማዘዘም።

ዙሩን መቁጠር መኪናዋን ወደ አላይመንት ቦታ በደህና ያደርሳል እንጂ አላይመንቱን አይተካም። ሰኞ ከሥራ መልስ ወሰድኳት። ባለሙያው ቁልፉን አንሥቶ ወደ ታይሮዱ ሲሄድ፣ ከመጀመሩ በፊት ትንሿን ማሰሪያ እንዲያላላልኝ በትሕትና ጠየቅኩት፤ አሮጌውን ጠማማ ኩፊያም ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየሁት። ተቀብሎ አገላብጦ አየው፣ ምንም አልተናገረም። ጎንበስ ብሎ ማሰሪያዋን በፒንሳ ጨመቀና ወደ ኋላ ገፋት፤ ታይሮዱን ከሩብ ዙር ያነሰ ነው ያዞረው። አዲሱ ኩፊያ ከቦታው አልተነቃነቀም። ማሰሪያዋን መልሶ ከዘጋት በኋላ፣ ሳልጠይቀው ወደ ቀኙ ጎማ ዞሮ የዚያኛውንም አላላ።