ትራንስፈር ጠይቄ ወደ ጅማ የተመለስኩበት ዓመት

ሐምሌ ላይ ሻንጣዬንና ብርድ ልብሴን ተሸክሜ ሰፈር ስገባ መጀመሪያ ያገኙኝ ጎረቤታችን ናቸው። ሻንጣውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ውይ ልጄ! ተባረርክ እንዴ?»

«አይ እትዬ፣ ዝውውር ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ነው።»

«አይዞህ፣ ያልፋል» ብለው ጉንጬን ስመውኝ ሄዱ። እንዳላመኑኝ ገብቶኛል። እናቴ እዚያው ጅማ መርካቶ ቡና ትቸረችራለች። ወሬው ከኔ ቀድሞ እሷ ጋ ደርሷል። ደግነቱ እሷ ነገሩን ከመጀመሪያው ታውቀዋለች።

ምርጫ ስንሞላ ጅማን አንደኛ አድርጌ ነበር። የደረሰኝ ግን ከቤት የሁለት ቀን መንገድ የሆነ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ቦታ ነው። አዲስ አበባ አድሬ፣ በማግስቱ ደግሞ ሙሉ ቀን ተጉዤ ነው የምደርሰው። ልጅ ሆኜ የተወኝ አስም እዚያ ተመለሰብኝ። ሌሊት እየተነሳሁ ፓፍ እስባለሁ። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን። አምስቱ ከአንድ ትምህርት ቤት የመጡ ናቸው። ክፉ ልጆች አልነበሩም፣ ግን የሚያስቃቸው ነገር ሁሉ እኔ የሌለሁበት ታሪክ ነው። ካፌ ብቻዬን እሰለፋለሁ፣ ብቻዬን እበላለሁ። ማታ እናቴ ትደውላለች። «በላህ?» «በላሁ።» በቃ፣ ሌላ ወሬ የለንም። የመጀመሪያ ሴሚስተር ጂፒኤዬ 2.4 መጣ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ጎበዝ ከሚባሉት ነበርኩ።

አስሙ ባይኖር ትራንስፈር እጠይቅ ነበር? አዎ። ይፈቀድልኝ ነበር? አይመስለኝም። ብቸኝነት የሐኪም ማስረጃ የለውም።

የመጀመሪያ ማመልከቻዬ ሦስት ገጽ ነበር። ብርዱን፣ ዶርሙን፣ የእናቴን ናፍቆት፣ ሁሉንም ጻፍኩት። ሬጅስትራር ያሉት ሰውዬ ግማሹን አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ይሄ ማመልከቻ ነው ልብ ወለድ? አንድ ገጽ አድርገህ አምጣው።» ያኔ ተናድጄባቸው ነበር። አሁን ሳስበው ትልቁን ውለታ የዋሉልኝ እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ላይ ማን እንደሆንኩ፣ የመታወቂያ ቁጥሬን፣ የምጠይቀውን፣ ምክንያቱን፣ ያያያዝኩትን ሰነድ ብቻ አሰፈርኩ። ግማሽ ገጽም አልሞላ።

ሁለተኛው ስህተቴ ማስረጃው ነው። ከጤና ጣቢያ አንድ ወረቀት አጽፌ ሄድኩ፤ አልተቀበሉኝም። ከሆስፒታል፣ በሐኪሞች ቦርድ የተፈረመ አምጣ አሉኝ። ሦስት ሳምንት ወሰደብኝ። አንዱ ፈራሚ ሲኖር ሌላው ፈቃድ ላይ ነው። ይህን ሁሉ የጀመርኩት ግንቦት መጨረሻ፣ ፈተና ደጃፍ ላይ ሲደርስ ነው። ማሰብ የጀመርኩት ግን ታኅሣሥ ላይ ነበር። ያኔውኑ ብጠይቅ ኖሮ እንደዚያ ባልተዋከብኩ።

በጅማ በኩል የሮጠችው ታላቅ እህቴ ናት። የሰኔ ዝናብ እያወረደው፣ ግሬድ ሪፖርቴን፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴንና የቦርዱን ማስረጃ በሁለት ፌስታል ጠቅልላ ዋናው ግቢ ተመላለሰች። «ቦታ ካለ ነው» ይሏታል። የምፈልገው ሶፍትዌር ነበር፣ ሞልቷል። ቦታ ያለው ስታቲስቲክስ ነው ተባለ። ስልክ ላይ «እሺ በያቸው» አልኳት። ስታቲስቲክስ ምን እንደሆነ የጠየቅኳት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው፤ መልሼ ደውዬ። እሷም አታውቅም።

መቀበያ ደብዳቤው እጄ እስኪገባ ድረስ ልቀቁኝ አላልኩም። ከባቻችን አንድ ልጅ ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ፎርም) ሳይሞላ፣ ማንንም ሳይሰናበት ሹልክ ብሎ ሄዶ ነበር። በኋላ ልመለስ ሲል የተቀበለው የኤፍ ሰልፍ ነው።

ክሊራንስ፣ ማለትም የግቢው ንብረት እንደሌለብኝ ማስፈረም፣ ቀላል መስሎኝ ነበር። ላይብረሪ፣ ካፌ፣ ዶርም፣ ስፖርት፣ ንብረት ክፍል… ዘጠኝ ፊርማ ነው። ንብረት ክፍል ያሉት ሽማግሌ አንሶላዬን ዘርግተው፣ ጫፍና ጫፉን ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። «አንድ ነው። ሁለት ነው የወሰድከው።» «ጋሼ፣ አንዱን ታጥቦ ገመድ ላይ ሰረቁኝ።» «ሌባውን ጥራልኝና እሱ ይፈርም።» ሣቁ። እኔም ሣቅሁ። የአንሶላውን ከፍዬ ወጣሁ። በዚያ ግቢ ከሰው ጋር ከልቤ የሣቅሁት በመሰናበቻዬ ቀን መሆኑ ዛሬም ይገርመኛል። ዓመቱን ሙሉ ካላናገርኳቸው ሰዎች ጋር በሁለት ቀን ተዋወቅሁ፤ ፊርማ ስለፈለግሁ።

ትምህርቱ ላይ ብዙም አልተጎዳሁም። የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶች በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሎጂኩም፣ ሳይኮሎጂውም፣ የኢትዮጵያና የቀንዱ ጂኦግራፊም ተያዘልኝ። የቀረኝ አንትሮፖሎጂ ብቻ ነበር፤ እሱን ከፍሬሾች ጋር ወሰድኩ። ትራንስክሪፕቱ ግን ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር፣ ታሽጎ ነው የሚላከው። እስኪደርስ ስሜ ዝርዝር ላይ አልነበረም። አስተማሪ ስም ሲጠራ እጄን አውጥቼ «እኔ አልተጠራሁም» ማለት የየቀኑ ሥራዬ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልተስተካከለም። ሁለተኛ ዓመቶቹ ቡድናቸውን ጨርሰዋል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚያጠና፣ ስፔስ (ማጥኛ ክፍል) ላይ የማን ወንበር የት እንደሆነ ሳይቀር ይታወቃል። እኔ ፍሬሽም አይደለሁ፣ ሲኒየርም አይደለሁ። ዶርም ይዣለሁ፣ ግን በሆነው ባልሆነው ባጃጅ ይዤ ቤት እሄዳለሁ። እናቴ የሠራችውን በልቼ፣ ልብሴን አሳጥቤ እመለሳለሁ። ከቤቴ የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ሆኜ፣ ካፌ ውስጥ እንደ አምናው ብቻዬን እበላ ነበር። ብርዱን ትቼው መጥቻለሁ። ሰው ሲያናግረኝ ስልኬን የማየውን ልጅ ግን ይዤው መጥቻለሁ።

ያዳነኝ ሲቢቲፒ፣ ማኅበረሰብ ተኮር የሥልጠና ፕሮግራሙ ነው። ጅማ የተማረ ያውቀዋል። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ሲመሠረት ከጤናው በኩል የወረሰው ልማድ ነው። ከተለያየ ዲፓርትመንት የተውጣጡ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ሰፈርና ገጠር ይወርዳሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቃሉ፣ የኅብረተሰቡን ችግር ያጠናሉ፣ ከዚያ የሚቻለውን ይሠራሉ። እኔ የደረሰኝ ቡድን ውስጥ አንዱ የአዲስ አበባ፣ አንዷ የጎጃም፣ ሁለቱ የወላይታ ልጆች ናቸው። ኦሮምኛ የሚችል የለም። እኔ ጅማ ነው ያደግሁት።

የመጀመሪያው ቤት በር ላይ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። «አካም ጅርቱ» አልኩ። እናትየው እጃቸውን በነጠላቸው ጠራርገው ወጡና ቁጭ በሉ አሉን፤ ለኔ ባለ ሦስት እግሯን በርጩማ ሰጡኝ። መጠይቁ የሚጀምረው በመጸዳጃ ቤት ነው። «ሽንት ቤት አላችሁ? ስንት ሰው ይጠቀመዋል?» ብሎ በእንግድነት መጀመር ነውር መስሎኝ በቡናው ወሬ ጀመርኩ። እሳቸው ግን ወረቀቱን አይተው «የሽንት ቤቱን ጠይቅ እንጂ፤ አምናም መጥተው ነበር» አሉኝ። ስተረጉምላቸው ልጆቹ በሣቅ ፈነዱ። ቡናው በጨው መጣ። የአዲስ አበባው ልጅ አንዴ ፉት ብሎ ፊቱ ሲጨማደድ፣ እናትየው አይተው ሁለተኛ ሞሉለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ትርጁማን» ሆነ። መጠይቁ አልቆ ቁጥሩን ደምሮ ሠንጠረዥ የሚያወጣ ሲፈለግም ስታቲስቲክስ ተማሪው እኔ ነኝ። ዲፓርትመንቴን የወደድኩት ያን ሳምንት ነው፤ ከዚያ በፊት ስጠየቅ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር የምናገረው። ቅዳሜ ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አሳየኋቸው። ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ወስደውን ከነበረው ጊዜ በኋላ እኔም አላየሁትም። ስንመለስ ደክሞን፣ ርቦን፣ አራቱንም እናቴ ቤት ይዣቸው ሄድኩ።

ጎረቤታችን በራቸው ላይ ቆመዋል። አንድ በአንድ ቆጠሩን። ከዚያ ወደ እናቴ ጠጋ ብለው፣ በሹክሹክታ ግን ሁላችንም እንድንሰማ አድርገው፣

«እነዚህም ተባረው ነው?» አሉ።