እንኳን ለገና አደረሳችሁ፣ ካልተቆጣችሁኝ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! በየአገሩ ላላችሁ ወዳጆቼ ሁሉ፣ በተለይ ደግሞ ዛሬም ሺፍት ላይ ላላችሁ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? በዚሁ ተከልዬ አንድ ነገር ልናዘዝ።

ሥራዬ ምን እንደነበር የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ልብስ ስፌት። መጀመሪያ ፋብሪካ ማስተዳደር፣ ኋላ ደግሞ የውጭ ባለሀብት እያግባቡ ማምጣት። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ሦስት ስላይድ አሳያለሁ። መብራት ርካሽ ነው። አሜሪካ ያለ ቀረጥ ያስገባናል። የሰው ጉልበት ርካሽ ነው። ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ አዳራሹ ነቃ ይላል፣ እስክሪብቶ ይወጣል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልደብቃችሁ።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ በ9 ወር ተሠርቶ አለቀ ስንል ሰው አያምነንም ነበር። 52 ሼድ፣ ማለትም 52 የፋብሪካ አዳራሽ ነው እኮ። እንግዳ ይዤ ስሄድ የፍሳሽ ማጣሪያውን ሳላሳይ አልመልስም፤ ውሃው ተጣርቶ መልሶ ሥራ ላይ እንዲውል እንጂ ወደ ሐይቁ እንዳይሄድ ተብሎ የተሠራ ነው። በሱ አሁንም እኮራለሁ።

ልብሱን የሚሰፉት ሠራተኛ ልጆች የሚያድሩበትን ቤት ግን ለአንድም እንግዳ አላሳየሁም። አራት አምስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፣ ፍራሹ መሬት ላይ ነው፣ ከሌሊት ሺፍት የገባችው የምትተኛው የቀኗ ተነስታ በለቀቀችው ቦታ ነው። በ2011 የአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መነሻ ደመወዛችን በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ ልብስ ሰፍተው ለዓለም ከሚልኩ አገሮችም ዝቅተኛው እንደሆነ ሲጽፍ ተናደድኩ። የተናደድኩት በጻፉት ሰዎች ነበር። ቁጥሩ እኮ የራሴው ስላይድ ላይ ያለው ነው!

ደግሞ እናማርራለን። «ከበዓል በኋላ አይመለሱም፣ የሥራ ባህል የላቸውም» እንላለን። ልጅቷ ለገና አገሯ ገብታ ስታሰላው፣ ኪራይና ምግብ ሲነሳ እጇ ላይ የቀረ የለም። ለምን ትመለስ?

ሁለተኛዋ ስላይድ የተቀደደችው ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ነው። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ አሜሪካ ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ከምታስገባበት ዕድል፣ አስወጣችን፣ ገና ሊገባ ስድስት ቀን ሲቀረው። ፓርኩን ካቋቋሙት ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱ ኅዳር ላይ ቀድሞ ፋብሪካዬን እዘጋለሁ ብሎ ነበር። ለበዓሉ ዋዜማ የማውቀው ሼድ ገባሁ። በግማሹ የስፌት መስመር ላይ ማሽኖቹ ላስቲክ ለብሰዋል። ሱፐርቫይዘሩ «እንኳን አደረሰህ» አለኝና ሁለታችንም ዝም አልን። ከመተማና ከአዋሽ ጥጥ ያለን አገር ጨርቁንም፣ ዚፑንም፣ ቁልፉንም በጅቡቲ እያስገባን፣ የኛ ብለን የምንሸጠው የነዚያ ልጆች እጅ ብቻ ነበር፤ እሱንም አርክሰን።

እጃቸውን ግን አይቻለሁ። የሸሚዝ ኮሌታ ሹል ጫፍ ሳይጨማደድ መገልበጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። መርፌ ከተሰበረ ደግሞ ስብርባሪው አንድ ሳይቀር ተለቅሞ ወረቀት ላይ ካልተለጠፈ አዲስ መርፌ አይሰጥም። ሸሚዙ ውስጥ ቢቀርስ?

ከነዚያ ልጆች አንዷ ትናንት ደወለችልኝ። ይርጋዓለም ናት፣ ሦስት ማሽን ተክላ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። «ጋሼ፣ እንኳን አደረሰህ፣ ክር ግን አይቀመስም» ብላ ጀመረች። ለሁለት ሠራተኞቿ ስንት እንደምትከፍል ጠየቅኋት። ነገረችኝ። እኔ ያኔ ከምከፍላት ይሻላል። መርፌ ሲሰበርስ አልኳት፣ ሳቀች። ስብርባሪውን እስኪያገኙ ምሳ የለም አለች።

መልካም ገና። ዶሮው ደርሷል እየተባልኩ ነው፣ ልነሳ።