ከምወደው ደራሲ ያልጠበቅኩት

ዛሬ ከንባብ ቡድናችን ጋር ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ተገናኝተን፣ በጣም የምወደው ደራሲ ባወጣው አዲስ ልቦለድ ላይ ተወያየን። እውነት ለመናገር ከፍቶኛል። ይህ ሰው እኮ በሁለት መስመር የሚያስለቅስ ጸሐፊ ነው! እዚህ ግን ገጸ ባሕርያቱ አያወሩም፣ ንግግር ያደርጋሉ። ዋናዋ ሴት ባሏን በቀበረች ማግስት ስለ ፖለቲካ ገጽ ሙሉ ትተነትናለች። ሰልስት እንኳ ሳይወጣ? ድንኳን የለ፣ ንፍሮ የለ፣ የእድር ሰው የለ። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ለቅሶ የት አለ?

አንዷ ጓደኛችን «አርታኢ አላየውም» አለች። እኔም እንደዚያ ይመስለኛል። ስም ሲገንን ደፍሮ «ይሄ ይውጣ» የሚል ሰው ይጠፋል። ልጁ የአባቱን ኮት የሚለብስበት ገጽ ግን ግሩም ነው። እሱን ደጋግሜ አነበብኩት። ቀጣይ መጽሐፉንም ገዝቼ አነበዋለሁ።